የአያት ጠመንጃ ስንት ያወጣል?

በልደታ ክፍለ ከተማ ጠመንጃ ያዥ የሚባል ሰፈር አለ። ተወልጄ ያደግሁት እዚያ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ሰዉ የሰፈረው እንደየሥራውና እንደየአለቃው ስለነበር የሰፈሮቿ ስም ብዙ ነገር ይናገራል። ሠራተኛ ሰፈር የእጅ ባለሙያዎች፣ ዘበኛ ሰፈር የዘበኞች ነበር። ጠመንጃ ያዥም ስሙን ያገኘው በዚሁ መንገድ፣ የመንግሥትን ጠመንጃ ይዘው ከሚያገለግሉ ሰዎች ነው።

ቃሉን ልብ ብሎ ላየው "ያዥ" ይላል እንጂ "ባለቤት" አይልም። ገንዘብ ያዥ የገንዘቡ ጌታ እንዳልሆነ ሁሉ ጠመንጃ ያዥም የጠመንጃው ጌታ አልነበረም። በእጁ ያለው አደራ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሰው በገንዘቡ የገዛው፣ ከጌታው በሽልማት ያገኘው፣ ለልጁም የሚያወርሰው የግል ጠመንጃ ነበረ። ዛሬ አንድ ቤተሰብ አሮጌ ጠመንጃ እጁ ሲገባ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነው፦ የማን ነበር? በምን መንገድ መጣ?

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ የልደታ አሮጌ ቤቶች በብዛት ፈርሰው ነዋሪው ወደ ኮንዶሚኒየም ተዛውሯል። ጓዝ ሲጠቀለል ከኮርኒስ በላይ፣ ከቆጥ ላይ፣ ከአሮጌ ሣጥን ግርጌ ያልታሰበ ነገር ይወጣል። አንዳንዴ የሚወጣው ጠመንጃ ነው።

የድሮ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ እናት (ስማቸው ይቆይልኝ፤ እኔ እትዬ ነው የምላቸው) ከአባታቸው የወረሱት ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ አላቸው። አባትየው ከአያት እንደወረሱት፣ አያትም ዓድዋ እንደዘመቱበት በቤቱ ሲነገር ኖሯል። አባትየው ካረፉ በኋላ የእትዬ ልጆች በሐሳብ ተለያዩ። ትልቁ "እንሽጠው" ብሎ ደላላ አፈላለገ። ሴቷ "የዓድዋ ቅርስ አይሸጥም" አለች። ትንሹ ደግሞ ለሠርግ አገር ቤት ወስዶ ሁለት ጊዜ ሊያጮኸው አሰበ። እትዬም "አንተ አሮጌ ነገር ስታገላብጥ ነው የኖርከው፤ እስቲ ና እየውና ንገረን" ብለው አስጠሩኝ።

እኔ ጠመንጃ ሠሪም ነጋዴም አይደለሁም። የአሮጌ መሣሪያ ምልክት ማንበብ ግን ለዓመታት የቆየ ሱሴ ነው። በእትዬ ቤት ያየሁትን መሠረት አድርጌ፣ ተመሳሳይ ነገር የገጠመው አንባቢ ምን መመልከት እንዳለበት ላስረዳ።

መጀመሪያ ደህንነት፣ ቀጥሎ ሕግ

አሮጌ ጠመንጃ ሁሉ ጎርሷል ብላችሁ ተነሡ። ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ አብዛኛውን ጊዜ ማንሻው ሲገፋ ከወገቡ ይታጠፋል፤ ያኔ ሁለቱም ቱቦዎች ባዶ መሆናቸው በዓይን ይታያል። ዝጎ አልታጠፍ ካለ በመዶሻ መታገል አይገባም። ውስጡ ያለ ጥይት ስንት ዓመት ቢያረጅም ሊፈነዳ ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሕጉ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም መሸጥንም ይከለክላል። አባት ፈቃድ ነበራቸው ማለት ልጅ ፈቃድ አለው ማለት አይደለም። ስለዚህ "ስንት ያወጣል?" ከሚለው ጥያቄ በፊት ለፖሊስ ማሳወቅ ይቀድማል። ይህ ሳይደረግ ደላላ ቤት ድረስ መጥቶ የሚጠራው ዋጋ ዋጋ ሳይሆን ጣጣ ነው። ለእትዬም መጀመሪያ ያልኳቸው ይህንኑ ነው።

ስሙን አትመኑት

በእትዬ ቤት ጠመንጃው "ውጅግራ" ነው የሚባለው። ነገር ግን ውጅግራ አልነበረም። ውጅግራ የፈረንሳዮቹ "ፉዚል ግራ" ነው፤ ባሲል ግራ በተባለ መኮንን ስም የተጠራ፣ በ1874 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የፈረንሳይ ጦር የተቀበለው፣ ባለ አንድ አፈሙዝና ባለ 11 ሚሊ ሜትር የጦር ጠመንጃ። የእኛ ሰው "ፉዚል ግራ" የሚለውን ሰምቶ በራሱ አፍ አለሰለሰው። ሰናድር የእንግሊዞቹ ስናይደር፣ ምንሽር የኦስትሪያው ማንሊኸር፣ በልጅግም የቤልጅግ ሥሪት ነው። እነዚህ ስሞች በጊዜ ብዛት ከአንዱ ጠመንጃ ወደ ሌላው እየተላለፉ፣ በአንዳንድ ቤት "አሮጌ ጠመንጃ" ከማለት ያለፈ ትርጉም የላቸውም። ቤተሰቡ የሚጠራበት ስም ታሪኩን ለማዳመጥ እንጂ ጠመንጃውን ለመለየት አይበቃም።

በብረቱ ላይ የተቀረጸ የፈረንጅ ስምም ያሳስታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የቤልጅግ አምራቾች ርካሽ ጠመንጃ ሠርተው የታወቁ የእንግሊዝ ሠሪዎችን የሚመስል ስም ይቀርጹበት ነበር። ለምሳሌ ዌስትሊ ሪቻርድስ የተባለው የበርሚንግሃም ቤት ሥራው የተከበረ ነበርና "ደብሊው ሪቻርድስ" የሚል ስም የተጻፈባቸው ብዙ የቤልጅግ ጠመንጃዎች ገበያውን አጥለቅልቀውት ነበር። ስሙን ብቻ አይቶ "የእንግሊዝ ነው" ያለ ገዢ ይሸወዳል።

ምልክቱ የት ነው?

ጠመንጃው እውነቱን የሚናገረው ከሥር ነው። ከቱቦዎቹ በታች ያለው የፊት እንጨት ሲወልቅና ጠመንጃው ሲታጠፍ ሁለቱ ቱቦዎች ከአካሉ ይለያያሉ። ጥይት በሚገባበት በኩል፣ ከቱቦዎቹ በታች ባለው ጠፍጣፋ ላይ፣ ጥቃቅን ማኅተሞች ተመትተዋል። እነዚህ የፍተሻ ማኅተሞች ናቸው። በአውሮፓ ጠመንጃ የሚሠራባቸው ከተሞች መፈተሻ ቤት ነበራቸው። አዲሱ ቱቦ ከተለመደው በላይ ባሩድ ይጎርስና ይተኮሳል፤ ካልፈነዳ ማኅተም ይመታበታል። ማኅተሙ ከአገር አገር፣ ከዘመን ዘመን ስለሚለያይ ለእኛ እንደ ልደት ምስክር ወረቀት ያገለግላል።

የእንግሊዝ ከሆነ የለንደን ወይም የበርሚንግሃም ማኅተም ይገኛል፤ የበርሚንግሃሙ መፈተሻ ቤት በ1813 የተቋቋመ ነው። የበርሚንግሃም ጠመንጃ ከዘውድ ሥር ቢ ፒ እና ቢ ቪ የሚሉ ፊደላት ካሉት ከ1904 ወዲህ የተፈተሸ ነው። የቤልጅግ ከሆነ ደግሞ የሊየዥ ከተማ ማኅተም አለው፦ በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ኢ፣ ኤል እና ጂ የሚሉ የላቲን ፊደላት፣ ከሥራቸውም ኮከብ። በእንቁላሉ አናት ላይ ዘውድ ከተጨመረበት ከ1893 ወዲህ ነው። እነዚህ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የእትዬ ጠመንጃ የሊየዥ ማኅተም ነበረው፤ ዘውዱም በግልጽ ይታያል። ስለዚህ ጠመንጃው ከ1893፣ ማለትም በእኛ ከ1885 ዓ.ም. ገደማ፣ ወዲህ የተሠራ ነው። ከዚያው አጠገብ "18.2" የሚል ቁጥር አለ። ትልቁ ልጅ "1802 ማለት ነው፤ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል" ብሎ ደስ ብሎት ነበር። ነገር ግን ቁጥሩ የቱቦው የውስጥ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። የቤልጅግ ፈታሾች ይህንን መጻፍ ልማዳቸው ነው።

መለኪያውም ማብራሪያ ይፈልጋል። የአደን ጠመንጃ 12፣ 16፣ 20 እየተባለ የሚጠራው ከአንድ የእንግሊዝ ፓውንድ እርሳስ ስንት እኩል ድብልብል እንደሚወጣ በመቁጠር ነው። 12 ድብልብል የሚወጣበት ስፋት 18.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ 16 ሲሆን 16.8 ያህል፤ 20 ሲሆን 15.6 ያህል። ቁጥሩ ሲጨምር ቱቦው ይጠባል ማለት ነው። ከዚህ የሚመጣም አደጋ አለ። የ20 ጥይት በ12 ጠመንጃ ቢጎርስ ተንሸራትቶ ቱቦው ውስጥ ይወተፋል። ተኳሹ "ባዶ ነው" ብሎ የ12 ጥይት ከኋላው ካስከተለበት ቱቦው ፊቱ ላይ ይፈነዳል።

እንደ ሽሩባ የተገመደው ብረት

የእትዬ ጠመንጃ ቱቦዎች ጠጋ ብለው ሲያዩዋቸው እንደ ሽሩባ የተጎነጎነ፣ እንደ ሰፌድ ስፌት የተጠላለፈ ቀለም አላቸው። ሴቷ ልጅ "ጌጥ ነው" ብላ ነበር። ጌጥ ብቻ አይደለም። በዚያን ዘመን የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎች አብረው ተገምደው፣ በዘንግ ላይ እንደ ጥምጥም ተጠቅልለው፣ በእሳት እየተቀጠቀጡ ቱቦ ይሠራባቸው ነበር። ደማስቆ ይባላል። ሊየዥና በዙሪያው ያሉ መንደሮች በዚህ ሥራ የታወቁ ነበሩ። እጅግ ድካም ያለበት የእጅ ሥራ ነው፤ ለዓይንም ያምራል። ተራ ቱቦ ላይ በቀለምና በአሲድ የተሣለ አስመሳይም ስላለ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል።

ትንሹ ልጅ ማወቅ የነበረበት ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ያ ቱቦ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው። ጥቁር ባሩድ ያጨሳል፣ ግፊቱም ቀስ ያለ ነው። ዛሬ የሚሸጠው ጥይት ጭስ አልባ ባሩድ አለው፤ ግፊቱ ሌላ ነው። ለጭስ አልባ ባሩድ የተፈተሸ የቤልጅግ ጠመንጃ ፒ ቪ የሚሉ ፊደላት ያሉት ማኅተም ይኖረዋል፤ የእንግሊዙ ኤን ፒ የሚል። የእትዬ ጠመንጃ ላይ ብፈልግ ብፈልግ ይህ ማኅተም የለም። በዚያ ላይ የጥይቱ ጉርሻ ርዝመት የድሮው 65 ሚሊ ሜትር ነው፤ የዛሬው ጥይት ግን በአብዛኛው 70 ነው።

ሌላም አለ። አባትየው ጠመንጃውን በ1969 ዓ.ም. የአሰሳ ወቅት መሬት ቀብረውት እንደነበር እትዬ ያስታውሳሉ። በጠላት ወረራ ዘመንም በደርግ ጊዜም ስንቱ ጠመንጃ በጓሮ ተቀብሯል! የተቀበረ ብረት ከላይ ቢወለወልም በተገመዱት ዘንጎች መጋጠሚያ ውስጥ ውስጡን ይበላል። ቱቦዎቹን ነጥዬ አንጠልጥዬ በጣቴ ቆረቆርኳቸው። ደህና ቱቦ እንደ ቃጭል ረዥም ድምፅ ይሰጣል። የእትዬው ግን እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ "ድም" ብሎ ቀረ፤ ሁለቱን ቱቦ ያያዘው ብየዳ ላልቷል ማለት ነው። ይህ ጠመንጃ በሠርግ ላይ ቢተኮስ ሠርጉ ለቅሶ ይሆን ነበር። ትንሹ ልጅ ይህን ከሰማ በኋላ ስለ ማጮህ አላነሣም።

"፲፰፻፺፮" የማን ዓመት ነው?

የዓድዋው ጉዳይ ቀረ። በሰደፉ ላይ በተመታች ትንሽ የብር ሰሌዳ "፲፰፻፺፮" የሚል ተቀርጿል። ሴቷ ልጅ የዓድዋ ጦርነት በ1896 እንደተደረገ ከኢንተርኔት አንብባለችና ማስረጃው ይህ ነው ብላ ይዛለች።

ነገር ግን ዓድዋ 1896 የሚሆነው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በእኛ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በግዕዝ ቁጥር ብር ላይ የቀረጸ አንጥረኛ የፈረንጅ ዓመት አይጽፍም። ሰሌዳው 1896 ዓ.ም. ነው የሚለው፤ ይህም በፈረንጅ ከ1903 መስከረም እስከ 1904 ጳጉሜን መሆኑ ነው። ከዓድዋ ስምንት ዓመት በኋላ! በየቤቱ ያሉ አሮጌ ዕቃዎች ላይ እንዲህ ያለው የዘመን አቆጣጠር መምታታት ብዙ ታሪክ ያበላሻል።

እውነቱን ለመናገር ሰሌዳው ብቻውን "ዓድዋ አልዘመተም" አያሰኝም። ማኅተሙ ከ1893 ወዲህ ስለሚል ጠመንጃው ከጦርነቱ በፊት ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ለዓድዋ የቀረበው ብቸኛ ማስረጃ ያ ዓመት ስለነበር ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ወሬ ነው። ፍንጣሪ እርሳስ የሚረጭ የአደን ጠመንጃም የጦር ሜዳ መሣሪያ አይደለም።

መልሱ የተገኘው ሊጣል በተዘጋጀ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። አንደኛው ወረቀት በንጉሡ ዘመን ለአባትየው የተሰጠ የመሣሪያ ፈቃድ ሲሆን የጠመንጃው ቁጥር በብረቱ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ሁለተኛው የአያትየው ኑዛዜ ነው። "ጌታዬ ለአደን የሰጡኝን ሁለት አፍ ጠመንጃዬን ለልጄ" ይላል። የመንግሥት ሳይሆን የግል፣ የዘመቻ ሳይሆን የአደን፣ በሽልማት የተገኘ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ወረቀቱ የያዘውን ይዞ ቆይቶ ነበር።

ዋጋ ከየት ይመጣል?

ጠመንጃ እኛ አገር ከድሮም ዋጋው የሚቆመው በብረቱ ብቻ አልነበረም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በ1887 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደ 2 ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ ለንጉሥ ምኒልክ አምጥቷል። ስለዚሁ ንግድ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ፣ አውሮፓ ውስጥ ከአገልግሎት የወጣ አሮጌ ጠመንጃ በሊየዥ ወይም በፈረንሳይ 7 ወይም 8 ፍራንክ እየተገዛ ሸዋ ላይ 40 ፍራንክ ገደማ እንደሚሸጥ ገልጿል። አምስት እጥፍ መሆኑ ነው። ብረቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ቦታውና ፈላጊው ነበር።

ዛሬም ግምት የሚሰጥ አዋቂ የሚያያቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው። ሠሪው ማን ነው? የሥራው ጥራትስ? በቱቦው፣ በአካሉና በፊት እንጨቱ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው ወይስ ከተለያየ ጠመንጃ የተገጣጠመ ነው? እንጨቱና ቀለሙ የጥንቱ ናቸው ወይስ ታድሰዋል? ቱቦው ውስጥ ዝገቱ ምን ያህል በልቶታል? በመጨረሻም፣ የማን እንደነበር የሚያስረዳ ጽሑፍ አለ? ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን የሠዉበት ሽጉጥ ከብረቱ የተነሣ አይደለም የሚታወሰው። ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከ ስጦታ መሆኑ የተጻፈበት በመሆኑ ነው።

በዚህ ሚዛን የእትዬ ጠመንጃ እንደ መተኮሻ ዋጋው ባዶ ነው። እንደ ሊየዥ ሥራ መካከለኛ ነው፤ ዓይነቱ በብዛት የተሠራ ነውና። ከሰሌዳው፣ ከፈቃዱና ከኑዛዜው ጋር ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው፤ አንድ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተቀባበለው፣ ቁጥሩና ወረቀቱ የሚመሳከር ዕቃ። ሦስቱ ከተለያዩ፣ ጠመንጃውን ደላላ፣ ወረቀቱን ቆሻሻ ከወሰደው፣ የሚቀረው አሮጌ ብረት ነው። ለልጆቹ ያልኳቸው ይኸው ነው። ሴቷ ልጅ ዓድዋን በማጣቷ ከፋት። ሆኖም ሐሰተኛ የዓድዋ ጠመንጃ ከመያዝ እውነተኛ የአያት ጠመንጃ መያዝ ይበልጣል፤ የመጀመሪያውን የሚያውቅ ሰው አንድ ቀን አይቶ ያፈርሰዋል፣ ሁለተኛውን ማንም አያፈርሰውም።

ምን ይደረግ? ምን አይደረግ?

አሮጌ ጠመንጃ እጁ የገባ ሰው በሽቦ ብሩሽም በአናጢ ብርጭቆ ወረቀትም አይፈትገው። ሰደፉን ቫርኒሽ አይቀባው፣ ቱቦውን ቀለም አያስነክረው። አብረቅርቆ ለማሳመር ሲባል የሚፈገፈገው ማኅተሙና ጽሑፉ ነው፤ ያ ከሄደ ታሪኩም ዋጋውም ይሄዳል። በደረቅ ጨርቅ አቧራውን ጠርጎ በስፌት መኪና ዘይት ስስ አድርጎ መቀባት ይበቃል። ቆዳ ማኅደር ውስጥ ዘግቶ ማስቀመጥ ደግሞ እርጥበት ይይዛልና ዝገት ይጋብዛል።

ማኅተሞቹን በጥሩ ብርሃን ፎቶግራፍ አንሡ፤ ቁጥሩን ጻፉ። ከጠመንጃው ጋር የተያያዘ ማንኛውንም ወረቀት፣ ፈቃድ፣ ኑዛዜ፣ ደብዳቤ፣ ሰውዬው ጠመንጃውን ይዘው የተነሡትን ፎቶግራፍ ጭምር፣ አንድ ላይ አኑሩ። በሕይወት ያሉ አዛውንቶች የሚሉትን በስማቸውና በቀኑ መዝግቡ።

ቅርስነት ያለው ከመሰላችሁ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ "እዚህ በጨረታ ጥሩ ያወጣል" ቢል አትስሙት። የሚያማክር ከፈለጋችሁ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አለ። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያም ፒያሳ ይገኛል።

እትዬ ጉዳዩን ለፖሊስ አሳውቀዋል፤ የብስኩት ቆርቆሮውንም ይዘው ሄደዋል። ጠመንጃው ቤት ይቀመጥ ወይስ ለሙዚየም ይሰጥ የሚለውን ልጆቹ ገና ይከራከሩበታል። እንሽጠው የሚለው ክርክር ግን ቀርቷል። የሚሸጠው ብረት ብቻ፣ የሚጠፋው ግን የአያታቸው ስም መሆኑን ሦስቱም አይተዋል።